ቢራ ለሚጠምቅ ወንድሜ ምን ስጦታ ልግዛለት? ጥያቄዬና የመጡት መልሶች

እዚህ የውይይት መድረክ ላይ የከፈትኩት የጥያቄና መልስ ክር ረዝሟል፤ መልሶቹ 36 ደርሰዋል። አዲስ የሚገባ ሰው ደግሞ ከላይ ያለውን ሳያይ ያንኑ ጥያቄ ይደግማል። ስለዚህ መነሻ ጥያቄዬንና የተመለሰልኝን በየቁጥሩ እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። እንደገባኝ ነው የጻፍኩት።

መነሻ ጥያቄዬ

ወንድምጋሼ የሚኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። ቤዝመንቱ ውስጥ ቢራ መጥመቅ ከጀመረ አምስት ዓመት ሆኖታል። ከሱቅ ሲገዛም ትልልቆቹን ፋብሪካዎች ትቶ የትንንሾቹን ጠማቂዎች ክራፍት ቢራ ነው የሚመርጠው። በሚቀጥለው ወር 50 ዓመት ይሞላዋል። እኛ አራት ታናናሾቹ ተዋጥተን 200 ዶላር ይዘናል።

ኢንተርኔት ላይ ለቢራ ወዳጅ የሚሆን ስጦታ ብዬ ብፈልግ የመጣልኝ መዓት ነው። ስድስት ቆርቆሮ የሚይዝ ቀበቶ፣ አረፋ የሚያስነሳ ማሽን፣ የቢራ ሥዕል ያለበት ካልሲ፣ ግድግዳ ላይ የሚመታ መክፈቻ። እኔ የመሰለኝ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመጥመቂያ ድስት ነው። ከሌሎቹ ተለቅ ያለና ቁምነገር ያለው ዕቃ ሆኖ ታየኝ። አዲስ አበባ ያለችው እናታችን ደግሞ ነገሩን ስነግራት ጋን ጠፍቶ ነው ወይ የምትጨነቁት አለችኝ። እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ ብዬ ጻፍኩ።

መልሶቹ

ቁጥር 1 በጣም ጨዋ ሰው ነው። አስቀድሞ ለወንድሜ መልካም ልደት ተመኘለት። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ። ከእህል ነው የሚነሳው ወይስ ከተዘጋጀ የብቅል ጭማቂ? በጠርሙስ ነው የሚያሽገው ወይስ ኬግ በሚባለው የብረት በርሜል? በአንድ ጊዜስ ስንት ሊትር ይጠምቃል? አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ይህን ሳላውቅ ድስት እንዳልገዛ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። ጠማቂ ድስቱን ራሱ ነው የሚመርጠው፣ ሰው የመረጠለት ድስት ጥግ ይዞ ይቀራል አለ። ያን ቀን ነው ድስቱን ከሐሳቤ ያወጣሁት።

ቁጥር 2 ብርጭቆ ብሎ ብቻ ሄደ።

ቁጥር 3 ያቺን አንዲት ቃል ይዞ ረጅም ትምህርት ሰጠን። አሜሪካ ቡና ቤት ሁሉ የሚገኘው ወፍራም ቀጥ ያለ 16 አውንስ ብርጭቆ መጀመሪያ የተሠራው ለኮክቴል መበጥበጫ ነው። ለቢራ የተመረጠው አይሰበርም፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይደረደራል ተብሎ ነው። ሽታ አይሰበስብም። ጠንካራና መዓዛ ያለው ቢራ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይፈልጋል። ለምሳሌ ቴኩ የሚባለውን አነሳ። በ2006 ጣሊያን ውስጥ ቢራ ጠማቂው ቴኦ ሙሶና ኩአስካ በሚል ቅጽል የሚታወቀው ቀማሹ ሎሬንሶ ዳቦቬ ያወጡት ነው። ስሙም ከሁለቱ ስሞች መነሻ የተገጣጠመ ነው። በ2013 ደግሞ የአሜሪካ ቢራ ጠማቂዎቹ ዶግፊሽ ሄድና ሲየራ ኔቫዳ ከብርጭቆ ሠሪው ሽፒገላው ጋር ሆነው አይፒኤ ለሚባለው መራራ ቢራ ብቻ የሚሆን ብርጭቆ አወጡ። በመጨረሻ አንድ ልመና አለው። ብርጭቆ ፍሪዘር ውስጥ አታስቀምጡ። ከመጠን በላይ የቀዘቀዘ ቢራ መዓዛው ይሞታል።

ቁጥር 4 ቡና ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። የብርጭቆው ቅርጽ ምንም ቢያምር ካልጠራ ዋጋ የለውም አለ። መለያውንም ነገረን። ቢራ ስትቀዱ ከብርጭቆው ጎን የተጣበቀ አረፋ ፍንጥርጣሪ ካያችሁ እዚያ ቦታ ቅባት ወይም የሳሙና ቅሪት አለ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አሁን በሄድኩበት ሁሉ ዓይኔ እዚያው ነው።

ቁጥር 5 ከአዲስ አበባ ነው የጻፈው። በጃምቦ ጠጥተን አድገናል፣ ምን ጎደለብን የሚል ነው መንፈሱ። 6 እና 7 እሱን ተከትለው ቦሌ ያለውን ቢራ ጋርደን ማስታወስ ጀመሩ። እዚያው የሚጠመቀውን ያልተጣራ ብሎንዲና ጠቆር ያለውን ኤቦኒ እያነሱ ናፍቆታቸውን ተወጡ። ደስ ይላል፣ ግን ከስጦታው ርቀን ሄድን።

ቁጥር 8 መለሰን። የክሩ ዋና ሰው ለእኔ እሱ ነው። ምክሩ ሃይድሮሜትር ነው። ምንነቱን ለማላውቀው ለእኔ እንዲህ አድርጎ አስረዳኝ። ውስጡ ክብደት ያለው የብርጭቆ ዘንግ ነው፤ ፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋል። ንጹህ ውኃ ውስጥ 1.000 ያነባል። የብቅል ውኃ ስኳር ስላለበት ይከብዳል፣ ዘንጉን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ንባቡም 1.050 አካባቢ ይሆናል። እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮል ሲያደርገው ዘንጉ ይሰምጣል፤ 1.010 ላይ ይቆማል እንበል። ልዩነቱ 0.040 ነው። በ131 ስታበዙት 5.2 ይመጣል። የቢራው አልኮል በመቶኛ ይኸው ነው።

ከሁሉ ያሳመነኝ ግን የሚቀጥለው ነው። ቁጥሩ ለሦስት ቀን ካልተንቀሳቀሰ መብላላቱ አልቋል ማለት ነው። ሳያልቅ ጠርሙስ ውስጥ የታሸገ ቢራ እዚያው ይብላላና ጠርሙሱን ያፈነዳል። ስለዚህ ይህች ቀጭን ዘንግ ለጣዕምም ለደህንነትም ናት። በዚያ ላይ ቶሎ ትሰበራለች። አምስት ዓመት የጠመቀ ሰው ቢያንስ ሁለት ሰብሯል፤ ሦስተኛዋን ብትሰጪው አይከፋውም አለኝ።

ቁጥር 9 አንድ ማረሚያ ጨመረ። ሃይድሮሜትር የሚስተካከለው በተወሰነ ሙቀት ነው፤ አብዛኛው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንዳንዱ በ15.6። ትኩስ ፈሳሽ ውስጥ ከተነከረ ከእውነተኛው ያነሰ ያነባል። ስለዚህ ያለ ቴርሞሜትር አትስጪው አለ። 8 ልክ ነህ፣ ረስቼው ነው ብሎ አመሰገነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉ ሰላም ነበር።

ቁጥር 10 ሃይድሮሜትር የአያቶች ዕቃ ነው፣ ስኳሩን በብርሃን የሚለካውን ሪፍራክቶሜትር ግዢለት አለ። ሁለት ጠብታ ብቻ ይበቃል፣ ወደ ብርሃን አዙረህ ታያለህ፣ አለቀ። ቁጥር 11 ደግሞ ቆጣ ብሎ መጣ። ሪፍራክቶሜትር የሚያነበው ብርሃን እንዴት እንደሚታጠፍ ነው። አልኮል ከገባበት በኋላ ብርሃኑ በሌላ መንገድ ይታጠፋል፣ ንባቡም ያሳስታል። ይህን ሳያውቅ ሰው የሚመክር ሰው ዝም ቢል ይሻላል እስከማለት ደረሰ። 10 ተናደደ። ማረሚያ ቀመር እንዳለ፣ እሱም ለዓመታት በዚያ እንደሠራ መለሰ፤ በመሐል ስድብ ቢጤም ወረወረ። እኔ ጥያቄውን የጠየቅኩት ሰው ደነገጥኩ። ስለ አንድ መለኪያ ሰው እንዲህ ይጣላል ብዬ አላሰብኩም።

ቁጥር 12 ገላገላቸው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ቦታው ነው የተለያየው። በጥመቃው ቀን ፈሳሹ ትኩስ ስለሆነና ብዙ ማባከን ስለማይፈለግ ሪፍራክቶሜትር ይቀላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሃይድሮሜትር ይታመናል። ሁለቱም ዝም አሉ።

ቁጥር 13 ካርቦይ የሚባለውን፣ ቢራው የሚብላላበትን ትልቅ የብርጭቆ ጠርሙስ መከረ፤ 5 ጋሎን የሚይዝ፣ ወደ 19 ሊትር። ውስጡ የሚሆነው ሁሉ ስለሚታይ ያምራል አለ። ቁጥር 14 የመለሰችው እህት ግን ነርስ ናት። ባሏ ሞልቶ የነበረውን ካርቦይ በእርጥብ እጁ ሊያነሳ ሲል አምልጦት ተሰበረ። የእጁ ጅማት ተቆርጦ ለወራት ሁለት ጣቱን ማጠፍ አቅቶት ነበር። ፕላስቲክ ወይም አይዝጌ ብረት ግዙ፣ ብርጭቆ ያለው ደግሞ ቢያንስ መሸከሚያ ማንገቻ ይግዛለት ብላ ለመነች። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ይህን ክር ከምታነቡት አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

ቁጥር 15 እናት ናቸው። ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ሁላችንንም ልጆቼ ይሉናል። ጠላ ሲጠምቁ 40 ዓመት እንደሆናቸው ነገሩን። ጋኑ በወይራ ይታጠናል፤ ጌሾው ተወቅጦ ከውኃ ጋር ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ፣ ቂጣው፣ አሻሮው በየተራ ይገባል፤ ድፍድፉ ከደረሰ በኋላ ውኃ ይሞላና አፉ ይመረጋል። ያለ አንድ መለኪያ። ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚነግራቸው የአየሩ ሁኔታና የጋኑ ድምፅ ነው። ጆሮን ጠጋ አድርጎ ማዳመጥ ነው አሉ።

ቁጥር 16 እሳቸውን አክብሮ አንድ የሚያምር ነገር ጻፈ። ጋን የሚመረገው አየር እንዳይገባ ነው። የአሁኑ ጠማቂ ዕቃው አፍ ላይ የሚሰካት ውኃ ያላት ትንሽ ፕላስቲክ፣ ኤርሎክ የምትባለው፣ ሥራዋ ያው ነው። ጋዙን ወደ ውጭ ታሳልፋለች፣ የውጭውን አየር አታስገባም። ጋኑ ላይ በጆሮ የሚሰማውን እዚህ ኤርሎኳ ስትንቦጫቦጭ በዓይን ታየዋለህ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ወንድሜ ቤዝመንት ውስጥ ጎንበስ ብሎ ኤርሎኩን ሲያዳምጥ አይቼዋለሁ። ልጆች ሆነን እናታችን ከጓዳው ጋን አጠገብ እንደዚያው ጎንበስ ትል ነበር።

17 ላይ እማማ ቁጥር 15 ለ16 ረጅም ዕድሜ ተመኙለት።

ቁጥር 18 ላይ ክሩ ቀዘቀዘ። ጸሐፊው አባቱን በመጠጥ እንዳጣ ነገረን። ለሚጠጣ ሰው የመጠጥ ዕቃ ስጦታ መስጠት ፍቅር ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። 19 የመለሰለት ሰው ያፌዘበት ስለነበር አወያዩ አጠፋው፤ አሁን ቁጥሩ ብቻ ነው ያለው። 20 ላይ አወያዩ ራሱ ገብቶ ሰው ሐዘኑን ሲናገር በዚያ መንገድ እንዳይመለስለት አስጠነቀቀ። ደግ አደረገ።

21 እኔ ነኝ። ጥያቄው ተገቢ እንደሆነ ነገርኩት። ወንድሜ ቅዳሜ ከእራት ጋር አንድ ብርጭቆ የሚጠጣ፣ ቀሪውን ለጎረቤት የሚያድል ሰው ነው። ችግር ያለበት ቢሆን ኖሮ ይህን ክር አልከፍትም ነበር። ሌሎቻችሁም የምትሰጡትን ሰው ሁኔታ አስቀድማችሁ ተመልከቱ። የማይጠጣ ዘመድ ያለው ቤት ደግሞ ብርዝ አይጥፋ። 18 ተመልሶ አልመጣም። ለብቻው መልእክት ልኬለታለሁ።

ቁጥር 22 ቤት ውስጥ መጥመቅ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ወንድምሽን አታሳስሪው አለ። 23 አረመው። አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደው ፕሬዚዳንት ካርተር በጥቅምት 1978 በፈረሙት ሕግ ነው። ለአንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት ቤት 200 ጋሎን። መሸጥ ግን አይቻልም። ክፍለ ሀገራቱ ቀስ እያሉ ነው የተከተሉት፤ የመጨረሻዎቹ ሚሲሲፒና አላባማ በ2013 ፈቀዱ። 24 ታዲያ የአረቄ ማውጫ ብንገዛለትስ ብሎ ጠየቀ። 23 በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው። ቢራና አረቄ አንድ አይደሉም፤ አረቄ ማውጣት የፌዴራል ፈቃድ ይጠይቃል።

ቁጥር 25 ግራውለር መከረች። ከጠማቂው ቤት ድራፍት የሚሞላበት ማሰሮ መሳይ ጠርሙስ ነው፤ ትልቁ 64 አውንስ፣ ማለትም 1.9 ሊትር ገደማ ይይዛል። ከተከፈተ በኋላ በአንድና በሁለት ቀን ማለቅ እንዳለበት፣ አለዚያ ጋዙ እንደሚጠፋ አስጠነቀቀች። ቀለሙ ቡናማ ይሁን አለች። ለምን ብሎ 26 ጠየቀ፣ ራሱም መለሰ። ሆፕ ለቢራው ምሬት የሚሰጠው አበባ ነው፤ ብርሃን ከእሱ የሚመጣውን መራራ ነገር ይሰብረውና እስካንክ የሚባለው እንስሳ የሚረጨውን የሚመስል መጥፎ ሽታ ያመጣል። ቡናማ ጠርሙስ ያን ብርሃን ያግዳል፤ አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ያሳልፋል። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቢራ ለምን እንደሚሸት ለዓመታት ግራ የገባኝ ነገር እዚህ ተፈታልኝ።

27 አዲስ አበባ ላለ ጓደኛው ስጦታ ሊወስድ ያሰበ ሰው ነው። በትንሽ የጋዝ ካርትሪጅ የሚሠራ ሚኒ ኬግ ገዝቷል። 28 ከባድ ዜና ነገረው። የጋዝ ካርትሪጅ በሻንጣም በእጅም አውሮፕላን ላይ አይወጣም። 29 ራሱ አዲስ አበባ የሚጠምቅ ሰው ነው፤ ጠቃሚ ነገር ጨመረ። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220፤ በቀጥታ የተሰካ ድስት ይቃጠላል። ደግሞ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሆፑ የሚወጣው ምሬት ይቀንሳል፤ እሱ ሆፑን ጨመር አድርጎ ነው የሚጠምቀው። ስለዚህ ሃይድሮሜትር፣ ቴርሞሜትር፣ የታሸገ ሆፕና ደረቅ እርሾ ብታመጣ ጓደኛህ ይመርቅሃል አለው። ሁሉም ቀላል፣ ሁሉም ሻንጣ ጥግ የሚገባ ነው።

ቁጥር 30 ወደ ጠርሙስ መፈንዳት መለሰን። 19 ሊትር ቢራ ጋዝ እንዲይዝ ሲታሸግ የሚጨመረው ስኳር 120 ግራም ገደማ ነው። እሱ በቡና ስኒ እየለካ እጥፍ ጨመረ። ሌሊት ጓዳው ውስጥ ዘጠኝ ጠርሙስ ተራ በተራ ፈነዳ። ማንም አልተጎዳም። ከዚያ ወዲህ ዲጂታል ሚዛን ሳይዝ አይጠምቅም።

እና 31 መጣ። የወንድሜ ሚስት ናት! ክሩን ሥራ ቦታ አንድ ሰው አሳይቷት ገና ሁለት መስመር ስታነብ ማንነታችንን አወቀች። ለእሱ እንደማትናገር ማለችልኝ። የቁጥር 1ን ጥያቄዎች በሙሉ መለሰች። ከእህል ነው የሚጀምረው። 5 ጋሎን ነው የሚጠምቀው፤ 50 ጠርሙስ ገደማ ይወጣዋል። ኬግ የለውም፣ እሷም ቦታ የላትም። ቴርሞሜትሩ የእሷ የሥጋ ቴርሞሜትር ነው። ሃይድሮሜትሩ ከፋሲካ በፊት ተሰብሯል፣ አልተካውም። ቢራውን ከዕቃ ወደ ዕቃ የሚያዛውረው ቱቦውን በአፉ ስቦ ነው። የሚጽፍበት ደብተር ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ባለፈው ዓመት የጠመቀውን ማንበብ አይችልም።

32 ላይ ቁጥር 8 ተመልሶ መጣና በአፍ መሳቡ ዛሬውኑ ይቅር አለ። የአፍ ባክቴሪያ 19 ሊትር ቢራ ያበላሻል። በእጅ የሚገፋ ሳይፎን አለ፤ ርካሽ ነው።

33 እኔ ነኝ፤ የገዛሁትን ጻፍኩ። ሁለት ሃይድሮሜትር፣ አንዱ መጠባበቂያ። የማይሰበር የፕላስቲክ መለኪያ ሲሊንደር። ቶሎ የሚያነብ ዲጂታል ቴርሞሜትር። ሳይፎን ከአዲስ ቱቦ ጋር። ዲጂታል ሚዛን። ዕቃው ላይ ከተደረገ በኋላ በውኃ ማለቅለቅ የማያስፈልገው ሳኒታይዘር፣ ማለትም የጀርም ማጥፊያ። ውኃ የማያበላሸው ደብተር። ሁለት ቴኩ ብርጭቆ፣ አንዱ ለሚስቱ። ይህ ሁሉ ተገዝቶ ከ200 ዶላሩ ተርፎናል። በተረፈው ከኢትዮጵያ ሱቅ ጌሾ ገዛን፤ ባለፈው በጌሾ የሞከረው ቢራ አላረካውም ነበርና።

ቁጥር 34 ያን ሁሉ ትንንሽ ዕቃ በሳጥን መስጠት አያምርም፣ አንድ ትልቅ ነገር ይሻል ነበር አለ። አልተስማማሁም። ሳጥኑን ሲከፍት አጠገቡ ነበርኩ። ካርቶኑን እንኳ ሳይጥል ሃይድሮሜትሩን ይዞ ወደ ቤዝመንት ወረደ። እንግዶቹ ኬኩን ይዘው ጠበቁት።

35 ወንድምጋሼ ራሱ ነው። ክሩን ሙሉውን አንብቦ እያንዳንዱን በቁጥሩ አመሰገነ። በጌሾ የጠመቀውን አዲሱን ቢራም ለክቶ ጻፈው። መነሻው 1.054፣ መድረሻው 1.012፤ 5.5 በመቶ። ቀጥሎ ቁጥር 15ን በአክብሮት አንድ ነገር ጠየቃቸው። እሱ ያስገባው የጌሾውን ቅጠል ብቻ ነው፣ ምሬቱም ትንሽ በዝቶበታል። እንጨቱን ቢቀላቅልበት ይለዝብለት ይሆን?

36 እሳቸው ናቸው። ስለ ቅጠሉም ስለ እንጨቱም ከመመለሳቸው በፊት ዕቃውን በወይራ አጥኖት እንደሆነ ጠየቁት።